ሁለት ጊዜ የተሸጎጠ

ሽጉጥ ስሙን ያገኘው «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ ነው። ሸጎጠ ማለት ወተፈ፥ ከብብት ወይም ከመቀነት ሥር አስገብቶ ደበቀ ማለት ነው። ሌሎቹ መሣሪያዎቻችን ስማቸውን ይዘው የመጡት ከባሕር ማዶ ነው። «ነፍጥ» ከዐረብኛ መጣ፤ አባቶች «ጠበንጃ» ይሉት የነበረው «ጠመንጃ» ከቱርክኛ። «ውጅግራ» የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ነው። «ሰናድር» የእንግሊዙ ስናይደር ነው። «ምንሽር» ማንሊከር ነው። «በልጅግ»ም የመጣበትን አገር በስሙ ተሸክሞ ይዞራል። ሽጉጥ ግን ስሙን ያገኘው እዚሁ፥ ከያዡ አያያዝ ነው። ያገሬ ሰው ይህን አጭር መሣሪያ ባየው ጊዜ «ምን ያህል ይገድላል?» ብሎ ሳይሆን «የት ይደበቃል?» ብሎ ነው የሰየመው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው መሸጎጥ ነው። በሽጉጥ አፍ ላይ እየተጠመዘዘ የሚገጠም፥ ቱቦ መሳይ የድምፅ ማፈኛ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ገዢ እንደ ጫማ እየለካ ይመርጠዋል፤ ርዝመቱ፥ ክብደቱ፥ ዋጋው ይወራለታል። መጀመሪያ አካሉ ተሸጎጠ፤ ቀጥሎ ድምፁ። በእኛ አገር ታሪክ ግን የጠመንጃ ምርጫ ከዚህ በተቃራኒው መንገድ የሄደ ይመስለኛል። የሸዋ ሰው ለጠመንጃው ሲከፍል ከጥይቱ ጋር ድምፁንም ነበር የሚገዛው። ለምን እንደ ሆነ ለማየት ከአንኮበር መጀመር ይሻላል።

በ1833 ዓ.ም. ክረምት ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መልእክተኛ ከአፋር በረሃ ወጥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ገባ። ከጫነው ገጸ በረከት መካከል 300 ነፍጥ ነበረበት፤ መድፍም ነበረበት። ሃሪስ ስለዚህ ጉዞ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ንጉሡ ፊት በቀረበ ቀን መድፉ ሲተኮስ ተራራው እየተቀባበለ እንዴት እንዳስተጋባ ይተርካል። ሰውየው ጉረኛ ቢጤ ነው፤ የጻፈውን ሁሉ መዋጥ አያስፈልግም። ማስተጋባቱ ግን እውነት ነው፤ አንኮበርን ያየ ያውቀዋል። ገደሉ ድምፅን ይዞ አያስቀርም፥ ያስተላልፋል። ንጉሡም ይህን ሳያስተውል የቀረ አይመስለኝም። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር፥ በ1835 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ውል የተዋዋለው አንዱ ምክንያት የመሣሪያ ፍላጎቱ ነበር። መሣሪያው ከመጣ በኋላ ደግሞ የቤተ መንግሥት ንብረት ነው፤ ገባሩ እጅ አይገባም። ገባሩ ከጠመንጃው የሚደርሰው ድምፁ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ያ ድምፅ ራሱ ግዛት ነበር፤ ግብር የሚከፍለው ሰው መድፍ የሚሰማው ሰው ነው።

ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ እዚያው አንኮበር ሌላ ነጋዴ ደረሰ፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ። ግጥሙን ከተወ ቆይቷል። በየካቲት 1879 ዓ.ም. ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎችን በግመል ጭኖ ከታጁራ ሲመጣ ምኒልክ አንኮበር የሉም፤ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ከሐረር እየተመለሱ ነው። እንጦጦ ድረስ ሄዶ አገኛቸው። ምኒልክ ግን የሚታለሉ ገዢ አልነበሩም። በካፕሱል የሚተኮሰው ጠመንጃ ጊዜው እንዳለፈበት ያውቃሉ፤ የዘመኑ ዕቃ ከኋላው የሚጎርሰው ረሚንግተን ነው። ዋጋውን ሰበሩበት፤ የሟቹን ሸሪኩን ዕዳ ከሒሳቡ ላይ ቆረጡበት፤ የቀረውንም ሐረር ሄደህ ከመኮንን ተቀበል ብለው ወረቀት ሰጡት። ራምቦ ለወገኖቹ በጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ሲያማርር ኖረ። እኔ አላዝንለትም። ጠመንጃ እንዲህ በጥንቃቄ የመረጠ ንጉሥ ነው በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የቆመው።

የዓድዋ ጠመንጃዎች ታዲያ ድምፃቸው ብቻ አልነበረም፥ ጭሳቸውም ነበር። አብዛኛው በጥቁር ባሩድ የሚሠራ ስለ ሆነ ተኳሹ የት እንዳለ ጭሱ ለባላጋራ ይናገርበታል። ጭስ አልባውን ባሩድ ፈረንሳዊው ፖል ቪየል በ1884 እ.ኤ.አ. አግኝቶት ነበር፤ ወደ እኛ የደረሰው ቀስ እያለ ነው። ጠመንጃን የመሸሸግ ታሪክ እንግዲህ ከድምፅ በፊት በጭስ ተጀመረ ማለት ነው። ዐይን ከጠፋ በኋላ የቀረው ጆሮ ነው።

አሁን ወደ እነዋሪ እንምጣ። እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ምዕራብ፥ መረሬ አፈር ባለው ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ስንዴውና ጤፉ፥ የጅሩ ሰንጋም ስማቸው ገንኗል። ሜዳው ግን ድንገት ያልቃል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ የጀማ ሸለቆ እግር ሥር ተከፍቶ ይታያል። ማዶ ያለው ሰው ቤት በዐይን ቅርብ ነው፤ በእግር ግን ቁልቁለቱና ዳገቱ ቀን ይበላል። እንዲህ ባለ አገር የሰው ቃል ከአፋፍ አፋፍ የሚሻገረው በጩኸት ነው፤ ጩኸት ካልደረሰ በጥይት። ሰው ሲሞት፥ በተለይ ስመ ጥር አርበኛ ሲሞት፥ ይተኮሳል። ሙሽራ ሲገባ ይተኮሳል። አንዱ ተኩስ ከሌላው የሚለየው በሰዓቱ፥ በብዛቱና በመጣበት አቅጣጫ ነው፤ ሰሚው አውቆ ወይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል፥ ወይ እልል ይላል። ጉዳት አልነበረውም አይባልም። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ምድርን አይረሳም፤ በሠርግ ተኩስ የሞተ ሰው ለቅሶ ላይ እንደገና የሚተኩስ ዘመድ ካለ እሱን ምን እንደምለው እንጃ። ልማዱ ግን የድምፅ ልማድ ነበር።

በጠላት ጊዜ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ይኸው ሸለቆ የአርበኛ ቤት ሆነ። በኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይ የሚመሩት የሸዋ አርበኛ በመንዝ፥ በመርሐ ቤቴ፥ በሞረትና ጅሩ ይመላለስ ነበር። ጥይት ውድ ነው፤ የሚገኘውም ከጠላት በመማረክ ነው። ሆኖም ጦር መምጣቱን ለማዶው ወገን ለማሳወቅ ከአንድ ጥይት የፈጠነ መልእክተኛ አልነበረም። ዝምታ ሲያስፈልግ ደግሞ ጠመንጃውን ዝም ማሰኘት አልታሰበም። ጎራዴ አለ፤ ጨለማ አለ። ሁለቱ ሥራ ለሁለት መሣሪያ የተከፈለ ነበር። የሚሰማው ጠመንጃ፥ የማይሰማው ስለት።

ከሁሉ ይልቅ ግን ተኩስ ፍርድ ውስጥ የነበረውን ቦታ ልብ በሉ። ድሮ በሰፈሩ ከብት ሲሰረቅ፥ ቤት ሲቃጠል፥ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ፥ አገሩ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና «አውጫጭኝ» ይደረጋል፤ «አፈርሳታ» የሚሉትም አሉ። የቀረ ሰው ይቀጣል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። የሰማውን የሚናገር ሰው ጠላት እንዳያተርፍ «ወፍ ነገረኝ» ይላል፤ የወፏ ስም አይጠየቅም። ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት። ሥራ ፈቶ መዋሉ ድሀውን ይጎዳው ነበር፤ ባለ ሥልጣን የጠላው ሰው ላይ ወፍ ለማስጮህም ምቹ ነበር። መሠረቱ ግን አንድ እምነት ነው፤ ሰው በሚኖርበት አገር የተሠራን ነገር ሰሚ አያጣም የሚል። ተኩስ ደግሞ ከወፍ ሁሉ ትልቁ ነው። ስንት ሰዓት እንደ ሆነ፥ ከየት በኩል እንደ መጣ፥ ስንት ጊዜ እንደ ተደገመ፥ ሽማግሌውም እረኛውም ይናገራል። ተኳሹ ሳይወድ በራሱ ላይ ምስክር ጠርቷል።

ይህን ምስክር ዝም የሚያሰኘው ዕቃ ከወዴት መጣ? ታሪኩ የአባትና የልጅ ነው። አባትየው ሃይረም ማክሲም ነው፤ በ1884 እ.ኤ.አ. በራሱ ጉልበት እየጎረሰ የሚተኩሰውን መትረየስ የሠራው። ማክሲም አፍሪካን ያሸነፈ ጠመንጃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ኦምዱርማን ላይ የማህዲን ሠራዊት ያጨደው ይኸው ነው። ሰውየው የራሱን መሣሪያ ሲሞክር ሲሞክር ጆሮው ደነቆረ። ልጁ ሃይረም ፐርሲ ማክሲም ደግሞ በ1909 እ.ኤ.አ. ለድምፅ ማፈኛ የባለቤትነት መብት አወጣ። አባት ባስጮኸው ልጅ ዝም አሰኘው እያሉ የሚቀልዱ አሉ። ሐሳቡ የመጣለት የገላ መታጠቢያ ውኃ በቀዳዳው ሲወርድ እየተሽከረከረ መሆኑን አይቶ ነው ይባላል።

አሠራሩ ለመረዳት አያስቸግርም፤ የመኪና ማርሚታ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ባሩዱ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ በአፈሙዙ በኩል ድንገት ሲፈነዳ ነው «ጓ!» የሚለው። ጋዙ በክፍልፋይ ቤቶች ውስጥ እየዞረ፥ እየቀዘቀዘ፥ እየሰፋ ቀስ ብሎ ከወጣ ጩኸቱ ይቀንሳል። ልጅየው ማክሲም መኪና ሠሪም ነበር፤ ሁለቱን ነገር ያገናኘውም ለዚህ ነው። ኩባንያውም ቆይቶ የጠመንጃውን ሥራ ትቶ የሞተር ማርሚታ ወደ መሥራት አዘነበለ።

መጀመሪያ ሲሸጥ ማንም የነፍሰ ገዳይ ዕቃ አድርጎ አላየውም። ለአዳኝና ጓሮው ውስጥ ዒላማ ለሚለማመድ ጨዋ ሰው ነበር የታሰበው፤ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሱ ጠመንጃው ላይ አስገጥሞ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የወሮበሎች ሽብር ሲያስጨንቀው በአንዱ ማፈኛ ላይ 200 ዶላር ቀረጥ ጣለበት። በዚያን ጊዜ ይህ ከዕቃው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው፤ አትግዙ ማለት ነው እንጂ ቀረጥ አይደለም። ቀረጡ ዘጠና ዓመት ሙሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ቆየና ከ2026 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ዜሮ እንዲሆን በ2025 ሕግ ወጣ። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ደግሞ ነገሩን ከመጀመሪያው ሌላ መልክ ሰጥተውታል። በፊንላንድና በኖርዌይ አዳኝ ማፈኛ ቢጠቀም ለጆሮው፥ ለውሻው ጆሮና ለጎረቤቱ ማሰቡ ነው ተብሎ ይመሰገናል።

እዚህ ላይ ሲኒማ ያሳተንን ነገር ማረም ያስፈልጋል። በፊልም ላይ ማፈኛ የገጠመ ሽጉጥ «ጲሽ» ብሎ ሰው ይወድቃል፤ ጎን ያለው ቡና ጠጪ ቀና አይልም። ውሸት ነው። የተራ ሽጉጥ ድምፅ 160 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ጥሩ ማፈኛ ከዚህ ላይ ከ20 እስከ 35 ይቀንሳል። የቀረው ድምፅ ጆሮ ባያደነቁርም ክፍል ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ይሰማል። በዚያ ላይ ጥይቱ ራሱ ከድምፅ ከፈጠነ አየሩን እየሰነጠቀ የሚጮኸው ጩኸት አለ፤ እሱን ምንም ቱቦ አያፍነውም። ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ከድምፅ ይፈጥናል፤ ወፍራሙ ባለ 45 ካሊበር ግን ከድምፅ ያንሳል። መራጩ ገዢ የሚጠበብበት አንዱ ነገር ይኸው ነው። ሌላው ክብደቱ ነው። ብዙው አውቶማቲክ ሽጉጥ የሚሠራው አሜሪካዊው ብራውኒንግ ባወጣው ዘዴ ነው፤ በተኩስ ጊዜ አፈሙዙ ዘንበል ስለሚል፥ ጫፉ ላይ ክብደት ሲጨመርበት መልሶ መጉረስ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ማፈኛው ይህን የሚያቃልል ስፕሪንግ ያለው ዓይነት መሆን አለበት። ባለ ተሽከርካሪው ሽጉጥ ደግሞ ከነጭራሹ ለማፈኛ አይሆንም፤ ጋዙ በመሽከርከሪያውና በአፈሙዙ መካከል ባለው ስንጥቅ ያመልጣል። ቤልጅጋዊው ናጋን ያወጣውና ሩሲያ በ1895 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው ሽጉጥ ግን ስንጥቁን ስለሚደፍን ይታፈናል። የሶቪየት የስለላ ሰዎች ናጋንን የወደዱት በዚህ ነው ይባላል።

ጨዋው የአዳኝ ዕቃ የሰላይ ዕቃ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዞች ለምሥጢር ወታደሮቻቸው «ዌልሮድ» የሚባል ሽጉጥ ሠሩ። ሲያዩት የብስክሌት ማንፊያ ይመስላል፤ የሠሪው ስም አልተቀረጸበትም። አካሉ ተሸጎጠ፥ ድምፁ ተሸጎጠ፥ ስሙም ተሸጎጠ። የአሜሪካ የስለላ አለቃ የነበረው ዶኖቫን ደግሞ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ቢሮ ገብቶ፥ ሰውየው ደብዳቤ ሲያስጽፍ አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ ተኮሰ፤ ፕሬዚዳንቱ አልሰማም የሚል ተረት አለ። በ1960 እ.ኤ.አ. ሶቪየት ላይ ተመትቶ የወደቀው አሜሪካዊ አውሮፕላን ነጂ ፓወርስ ኪስ ውስጥም እንዲህ ያለ ሽጉጥ ተገኝቶ ሞስኮ ለሕዝብ ታየ። በነዚህ ሁሉ ታሪኮች ውስጥ ዝምታ የሚያስፈልገው በሰው አገር ለገባ ሰው ነው። ሰላይ ጎረቤት የለውም።

በራሱ አገር፥ በራሱ ሕዝብ ላይ የሚተኩስስ? የእኛ ታሪክ ለዚህ መልስ አለው፤ መልሱም ደስ አይልም። የታወቀው የሽጉጥ ተኩሳችን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የተሰማው ነው። አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ገጸ በረከት ብላ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ያ አንድ ጥይት ለራስ ነበረ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ሽጉጥ አዲስ አበባ ላይ ሥራ በዛለት። ከመስከረም 1969 ዓ.ም. ጀምሮ በጃኬት ሥር ተሸጉጦ የሚዞር መሣሪያ በየመንገዱ ይተኮስ ገባ፤ ኢሕአፓ የደርግንና የቀበሌ ሰዎችን፥ ደርግና ደጋፊዎቹ ደግሞ ተቃዋሚ ያሉትን ሁሉ ያድኑ ጀመር። በሚያዝያ 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ደም መሳይ የሞላበት ጠርሙስ ሰብሮ ቀይ ሽብርን ዐወጀ። ከሞቱት ብዙዎቹ እንደ እኛ ተማሪዎች ነበሩ።

ደርግ ድምፁን ለማፈን አልደከመም። ለምን ይደክማል? ሌሊት የሚሰማው ተኩስ ለየቤቱ የተላከ መልእክት ነበር፤ ጠዋት መንገድ ላይ የተጣለው ሬሳ፥ ደረቱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ፥ የዚያው መልእክት ቀሪ ክፍል ነው። የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ ተብለው ልጃቸውን የወሰዱ ወላጆች ነበሩ። ተኩሱን ሁሉም ሰማ፤ ነገር ግን የሚሰማው ሁሉ ምስክር መሆኑ ቀርቶ ቀጥሎ ተራ የሚጠብቅ ሆነ። አውጫጭኝ የተገለበጠበት ዘመን ብዬ የማስበው ይህን ነው። በድሮው ሥርዓት ሰሚ ይናገራል፥ ተኳሽ ይደበቃል። በ1969 እና በ1970 ተኳሹ በድምፅ ማጉያ እየፎከረ ሰሚው ተሸጎጠ። ስለዚህ «ድምፅ ያለው መሣሪያ ሁሉ ቅን ነው» የሚል ሰው ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። የአውጫጭኝ ወፍ የምትናገረው ከሜዳው ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ዛሬ በአገራችን የጦር መሣሪያ አያያዝ የሚመራው በ2012 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1177 ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ዐዋጁ ያለፈቃድ የተያዘውን ሁሉ ሰበሰበው ማለት ግን አይደለም። የጠላት ወረራ ካለቀ በኋላ ገበሬው እጅ የቀረው ምንሽርና አልቢን ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ክላሽንኮቭም በላዩ ተጨምሯል። በሸዋ ገጠር ጠመንጃ አሁንም ትከሻ ላይ ይታያል፥ ሲተኮስም ይሰማል። ሽጉጥ እንደ ስሙ አይታይም።

የውጭ አገር የማፈኛ መምረጫ ጽሑፎችን ሳነብ አንድ ነገር ይገርመኛል። ጥያቄው ሁሉ የተኳሹ ነው። ለእጅህ ይከብድሃል ወይ? ለጆሮህ ይበቃል ወይ? ከአፈሙዝህ ጥርስ ጋር ይገጥማል ወይ? ተጠርጎ ይጸዳል ወይ? ጎረቤት በነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ከተነሣም እንዳይረበሽ ነው የሚነሣው። በአውጫጭኙ ሜዳ ላይ ግን ጥያቄው ከሌላው ወገን ነው የሚጀምረው፤ ቤትህ በየት በኩል ነው? ውሻህ መቼ ጮኸ? ተኩሱን ስትሰማ ከብት አግብተህ ነበር ወይስ ገና ነበርክ? አንድ ነው ወይስ ሁለት?